በጥላ ሦስት፣ በሰዓቱ ዘጠኝ

«ደብተሩ የት አለ ይላል» አለ የጣሊያኑ አስተርጓሚ በላቸው፣ ከዳሱ ደጃፍ እንደቆመ።

ነጋ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ታላቅ ወንድሙ ሐዲስ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መደቡ ላይ የሟቹ ጋቢ ተነጥፎ መቋሚያው፣ ዳዊቱና የኪስ ሰዓቱ ተደርድረውበታል። ጠመንጃ የለም፤ ጠመንጃውን ጣሊያን ገፎታል።

«ምነው አያ በላቸው፣ በጣሊያንኛ ነፍስ ይማር የሚባል የለም?»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። ከጎንደር ድረስ በማኪና የመጣው ጣሊያናዊ ፕሮፌሰር ባርኔጣውን አወለቀ።

ይህ ሰውዬ በሀገሩ በሁለት ተራሮች አናት የሰማይ መመርመሪያ ቤት ያቆመ ሊቅ ነው አሉ። ሦስተኛውን በስሜን ሊያቆም መጣ። ደመና የማይከበውን ጫፍ መርጦ ያሳየው ሐዲስ ነው። የመሣሪያውን ሣጥን በጀርባው ያወጣውም፣ ብርዱንና ሙቀቱን ሲጽፍ የከረመውም ሐዲስ። ሰዓቱን የሚያውቀው የቆሎ ተማሪ ሳለ እንደተማረው፣ ጥላውን በእግሩ እየለካ ነበር።

በግንቦት ደብተሩን ይዞ ጎንደር ወረደ። ፕሮፌሰሩ አገላብጦ በሰው ፊት ወረወረለት። «በሦስት ሰዓት ይህን ያህል ሙቀት? ተኝተህ የፈጠርኸው ነው። ውሸታም!» ለእኛ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ሞቅ የሚልበት ነው፤ ለእነሱ ግን ዶሮ ያልጮኸበት ሌሊት። ያ ሁሉ ሊቅነት ይህን አልጠየቀም። የኪስ ሰዓት ሰጠውና «አሁን መዋሸት አትችልም» ብሎ በነሐሴ መልሶ ወደ ተራራው ሰደደው። እዚያው በረዶ ገደለው።

መንደሩም አልማረውም። ቀብሩ ላይ ሳይቀር «የጣሊያን አሽከር፣ ለዚያውም ውሸታም» ሲሉ ነጋ በጆሮው ሰምቷል።

ደብተሩን ከጋቢው ሥር አወጣና ለለቀስተኛው ጮኾ አነበበ።

«በጥላ ሦስት፣ በሰዓቱ ዘጠኝ። በጥላ አምስት፣ በሰዓቱ አሥራ አንድ። እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው። ጥላው የእኛ፣ ሰዓቱ የእነሱ። ስድስት ስድስት ይራራቃሉ እንጂ አንድ ቦታ አልሳተም!»

በላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመ። የፕሮፌሰሩ ፊት ቀላ። አንዲት ቃል ተናገረ።

«ትንሽ አለመግባባት ነበር ይላል።»

«ውሸታም ሲለው ጮኾ ነበር። አሁንም ይጩህ። ሐዲስ አልዋሸም ይበልና ደብተሩን ይውሰድ።»

«ተው ነጋ፣ አስካሪው ጠመንጃውን ይዞ ደጅ ነው።»

«አንተስ አያ በላቸው? ሁለቱንም ሰዓት ታውቃለህ። ያን ቀን ምነው ዝም አልህ?»

ፕሮፌሰሩ በእጁ ጠቀሰ። አስካሪው ገብቶ ደብተሩን ከነጋ እጅ መነጨቀው። ማኪናዋ ጭቃውን እየረጨች ሄደች።

«ምን አለ ልጄ?» አሉ እናታቸው እማማ አበቡ።

«ምንም አላለም እምዬ።»

ነጋ ሰዓቱን ከጋቢው ላይ አነሣ። እንዳይቆም ሦስቱንም ቀን የሞላው እሱ ነው። ደጅ ወጣ። ደመናው ለአፍታ ተከፍቷል። ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ቆመና ጥላውን፣ ወንድሙ እንዳስተማረው፣ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ ለካ። ከዚያ የሰዓቱን ቁልፍ ሳብ አድርጎ ቆጣሪውን ወደ ኋላ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ቀስ ብሎ መለሰው። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያም ገብቶ ጋቢው ላይ፣ ከዳዊቱ አጠገብ፣ አስቀመጠው።