የፍሬን ጥርስ

«አልጋው ሥር አይተሻል?»

«አልጋው ሥርም፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥም፣ የኮቶቹ ኪስ ውስጥም አይቻለሁ። የለም» አለች የሟቹ ልጅ፣ የሦስት ቀን ለቅሶ በዘጋው ድምፅዋ። «ያለ ጥርሱ ነው የቀበርነው።»

ጎረቤቷ ከንፈሯን መጠጠች። ከንፈር መምጠጥ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህች ሴትዮ የመምሪያ ኃላፊ ትሆን ነበር። «ምስኪን ጋሽ ፍሬን! አወይ ያለ ጥርስ መቀበር!»

በሩ አጠገብ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ፋርማሲስት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ጠበቅ አደረገችው። ሰው ሠራሹ ጥርስ እዚያ ነበር፤ በንጹሕ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ የሳል ሽሮፕ ካርቶን ውስጥ።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» እያለ ሲጮህ ኖሮ ስሙ ራሱ ፍሬን ሆኖ ቀረ። እሷን ደግሞ ቤተሰቡ የሚያውቃት ነጭ ጋዋን ለብሳ ባንኮኒ ጀርባ ስትቆም ነው። በሦስት ቀን ሦስቴ ለምን እንደመጣች የጠየቃት የለም። ቢጠይቋትስ ምን ትል ነበር? ሚስት አይደለች፣ እህት አይደለች። ስድሳ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት ሴት «ወዳጁ ነበርኩ» ብትል ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ነበር የሚፈርሰው። ስለዚህ በልክ ታለቅሳለች፤ አንድ ፋርማሲስት ለአንድ ደንበኛ የሚያለቅሰውን ያህል።

ነገሩ የተጀመረው በደም ግፊት ነው። ሚስቱ በሞተች በአራተኛው ዓመት ሊለካ መጣና ክንዱን ሰጣት። ከፍ ብሎ ተገኘ። በሳምንቱም ከፍ አለ፣ በቀጣዩም። ጨው እንዲተው አዘዘችው፤ ተወ። በአምስተኛው ሳምንት መሬት መሬት እያየ፣ «ሌላ ቦታ ስለካ ደህና ነው። የሚጨምረው እርስዎ ሲለኩኝ ነው» አላት።

«እንግዲያው ሌላ ቦታ ይለኩ» አለችው፤ ፊቷ ግን ጋለ። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ።

«እርስዎ» «አንተ» እስኪሆን ሦስት ወር ፈጀ። ከዚያ ማክሰኞና አርብ፣ ፋርማሲው ለምሳ ሲዘጋ፣ በጓሮ በር ከጀርባው ወዳለው ቤቷ ይገባ ጀመር። ለልጁ የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ አለብኝ ይላታል።

የመጀመሪያው ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብ አወሩ።

«እኔ የማወልቀው ልብስ ብቻ አይደለም» አላት በመጨረሻ።

«እኔስ ብሆን» አለችና የጉልበቷን ማሰሪያ ፈታች፤ ዊጓንም አነሳች። እሱ ፊቱን አዙሮ ጥርሱን አወለቀና ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። ሲዞር ጉንጩ ጎድጉዶ፣ አገጩ አፍንጫውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሳቀች። እሱም ድዱን ገልጦ ሳቀ። ከዚያ ሳማት፤ እንደዚያ በለሰለሰ አፍ በሃያ ዓመቷም ተስማ አታውቅም። መሳቋን ተወች።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ግርግር ሆነ። የጡረተኞች ማኅበር ሊቀመንበር በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡና ልጅቷን አጽናኑ። ዝም ብለው ቢቀመጡ ጥሩ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ ስናጣው፣ ታሞ ይሆናል ብለን ነበር» አሉ።

ልጅቷ ቀና አለች። «ማክሰኞና አርብስ?»

«ልጄ፣ እኛ የምንሰበሰበው በወር አንዴ ነው።»

የጎረቤቷ ዓይን ቦግ አለ። «ይኸው! ሴት ይዞ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ። በዚያ ዕድሜው! የገደለችውም እሷው ትሆናለች።»

ፋርማሲስቷ ሻይዋን ፉት አለች። ቀዝቅዟል።

«የገደልኩትስ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «አርብ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ከየት ነው የመጣኸው ብለው ሻርፑን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎ ዝም አለኝ። ሴት ይዘሃል ይባላል፣ እማዬ አልጋ ላይ ልታስተኛት ነው፣ አታፍርም ወይ አልኩት። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስወጣ እጁን ብቻ አነሳልኝ። ጠዋት ስመጣ…» ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች። «አባቴ ተቀይሞኝ ነው የሞተው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ያመጡላት ምግብ ሁሉ እንዳለ ይመለሳል።

ፋርማሲስቷ ዓይኗን ጨፈነች። አርብ ስልኩ ሲጠራ አብራው ነበረች። «ልጄ በር ላይ ነኝ ትላለች!» ብሎ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ተነሳ፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣ እንደገና አውልቆ አስተካክሎ፣ «እሁድ እነግራታለሁ፤ መደበቅ በቃኝ» ብሏት ወጣ። ያለ ጥርስ የሚወጣውን ድምፁን ሁለት ዓመት ለምዳዋለችና ልብ አላለችም። ጥርሱን ብርጭቆው ውስጥ ስታይ ብቻዋን ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ነገ ድዱን ይዞ ይመጣል» ብላ ውኃውን ቀየረችለት። በማግሥቱ የመጣው ግን አንድ ደንበኛ ነው። «ጋሽ ፍሬን አረፉ» አላት። የያዘችውን ማዘዣ እስከ መጨረሻው አነበበችና መድኃኒቱን ሰጠችው።

ዛሬ ጥርሱን ይዛ የመጣችው መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ጣል አድርጋ ልትሄድ ነበር። ያገኙታል፣ ይገረማሉ፣ ያበቃል። አሁን ግን ጥርሱ ቢገኝም ልጅቷ አባቷ እንደተቀየማት ታምናለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ። ፋርማሲስቷ ተነሳች።

«ልጄ፣ አንዴ ለብቻሽ ላነጋግርሽ።»

የገቡት የሟቹ መኝታ ቤት ነበር። ሁለት ዓመት ስትወደው ይህን ክፍል አይታው አታውቅም። ካርቶኑን አውጥታ ልጅቷ እጅ ላይ አኖረችው።

ልጅቷ ፋሻውን ፈታች። ቀና ብላ አየቻት፤ ዊጓን፣ እጇን፣ ጫማዋን።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ስትደውዪ ደንግጦ እኔ ጋ ረስቶት ወጣ። አፉን የሸፈነው፣ ዝም ያለሽም ለዚህ ነው። ቢናገር ጥርስህ የት አለ ትዪዋለሽ። አፍሮ ነው እንጂ አልተቀየመሽም። እሁድ ሊነግርሽ ነበር።»

ልጅቷን አንድ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረባት። ፋርማሲስቷ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አንድ እርምጃ ሸሸችና ዓይኗን ጠረገች።

«ሌላ ሰው ያውቃል እትዬ?»

«ማንም አያውቅም።»

«እንደዚያው ይቆይ። ነገም ባይመጡ ደስ ይለኛል። ሰው ፊትዎን ያነበዋል።»

የተዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ነበር። አሁን የሚጠብቀው ካርቶኑን ነው። ልጅቷ አየችውና ካርቶኑን ኪሷ ከተተች።

«የአባቴ ነው» አለች።

ይህን ማን ይከራከራል?

ሲወጡ ጎረቤቷ አንገቷን አስግጋ ጠበቀቻቸው። «ምን ሆናችሁ?»

«ግፊቴን ለክተውልኝ ነው።»

«ጨምሯል?»

«ወርዷል» አለች ልጅቷ። «እስቲ የሚቀመስ ነገር ስጡኝ።»

ለቀስተኛው በእፎይታ ተንጫጫ። ፋርማሲስቷ ስትወጣ ያያት አልነበረም።

በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ፋርማሲውን ዘግታ ጋዋኗን ሰቀለች፤ ከልማዷ የተነሳ የጓሮውን በር ገርበብ አድርጋ ተወችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጉልበቷን ማሰሪያ ፈታች፣ ዊጓን አወለቀች። ከዚያ ጥርስ የሌለበትን ብርጭቆ አንስታ የትናንቱን ውኃ ደፋች፤ አጠበችው። ንጹሕ ውኃ ሞላችና በእሱ በኩል አስቀመጠችው።