አሥራ ሁለተኛው ጥቅልል

ማክሰኞ ጠዋት ቺዙሩ ጫማዋን አውልቃ ወደ ንባብ ማኅበሩ ክፍል ገባች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ለቴሌቪዥን ድራማ ስትጽፍ ሃያ ዓመት ደፍናለች። ዛሬ ግን የቤት ሥራዋን ያልሠራች ተማሪ መስላለች። ፍርዷን የያዙት የሰማንያ ስምንት ዓመቷ መምህር ቶኩናጋ ናቸው።

ሺህ ዓመት ያስቆጠረውን፣ አርባ ጥቅልል ሙሉ የተጻፈውን የጨው ዳርቻዋን እመቤት ታሪክ በአሥር ክፍል ለቴሌቪዥን አዘጋጂው ተብላለች። አርባውን በአሥር! እስቲ ይታያችሁ። ያዘዟት ሰዎች አንዱን ጥቅልል እንኳ በወጉ አላነበቡም፤ "ፈጠን ይበል፣ ተመልካች ጣቢያ ይቀይርብናል" ማለቱን ግን አሳምረው ያውቁበታል። እሷም ምን ታድርግ፣ ከተፈችው። የግጥም ውድድሩን ጣለችው፤ ሦስቱን አጎቶች አንድ አጎት አደረገቻቸው። ለዚህ ማንም አይወቅሳትም።

አሥራ ሁለተኛውን ጥቅልል ግን ከነሥሩ ነቅላ አወጣችው። በዚያ ጥቅልል የእመቤቲቱን ትንሽ ልጅ ማዕበል ይወስዳታል፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። በቺዙሩ ድርሰት ልጅቱ በትኩሳት ሞተች ይባልና በግማሽ መስመር ይታለፋል። ፕሮዲዩሰሩ "ተገላገልን! ባሕር ላይ መቅረጽ ራስ ምታት ነው" ብሎ ፈነደቀ። ነገር ግን የታሪኩ ሊቅ መምህር ቶኩናጋ አይተው ማኅተማቸውን ካላሳረፉበት ቀረጻ የለም። እምቢ ካሉ ደግሞ ሥራው ለሌላ ጸሐፊ እንደሚሰጥ ሳይሸሽግ ነግሯታል።

እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተነፈሰችም። የአማቷን የፉሚኖን የአሥር ዓመት የመጨረሻ ልጅ ሳዮን፣ ታሪኩ በሚተረክበት በዚያው በሚያዙ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ባሕር ወስዷታል። ቺዙሩ ያኔ ገና በምራትነት ወደ አማቷ ቤት አልገባችም፤ ልጅቱን የምታውቃት በፎቶ ነው። ያንን ጥቅልል አራት ጊዜ ልትጽፈው ተቀመጠች። አራቱንም ጊዜ ከወረቀት ከተሠራው በር ማዶ አማቷ መንደሪን ሲልጡ ትሰማቸዋለች፤ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። እኚህ ሴት እሑድ ማታ ቴሌቪዥናቸው ፊት ተቀምጠው የልጅ መስጠም ሊያዩ? አይደረግም! አጠፋችው።

ችግሩ ፉሚኖም የመምህሯ ማኅበር አባል መሆናቸው ነው። ሰባት ሴቶች ናቸው፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው ሁለት ሁለት ገጽ ጮክ ብለው እያነበቡ ሠላሳ ዘጠነኛው ጥቅልል ላይ ደርሰዋል። አሁንም በዝቅተኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ተኮልኩለው ሻያቸውን ይዘዋል።

መምህር ቶኩናጋ ድርሰቱን ከነቀይ እርሳሳቸው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ቁጭ በይ። አጎቶቹን አንድ ማድረግሽ ደግ ነው። እኔም ስማቸው ዕድሜ ልኬን ሲምታታብኝ ኖሯል።"

ሴቶቹ ሳቁ። ቺዙሩ ትንሽ ተነፈሰች።

"አሥራ ሁለተኛውስ?"

ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር። ጊዜ አጠረኝ... ወጪውም..."

"እንዴ!" አሉ አፋቸው እረፍት የማያውቀው እትዬ ሂሳኖ። "እርስዎስ ዘለውት የለም እንዴ መምህር?"

ጉድ ፈላ! እትዬ ሂሳኖ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከደኑ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ ወጥቷል። ማኅበሩ በተጀመረ በሰባተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ ከአዲስ ዓመት እረፍት ሲመለሱ፣ መምህር ከአሥራ አንደኛው ጥቅልል ቀጥ ብለው ወደ አሥራ ሦስተኛው ገብተው ነበር። ሁሉም አይተዋል። ግን መምህርን "ተሳስተዋል" የሚል ማን ወንድ! ሁሉም ዝም ብለው ገጻቸውን ገለጡ።

"ታውቁ ነበር ማለት ነው?" አሉ መምህር።

"እርጅና መስሎን ነው እኮ" አሉ እትዬ ሂሳኖ፣ ድምፃቸው ሟሙቶ። "እንዳያፍሩብን ብለን..."

"እርጅና! የሰባ አንድ ዓመት ሴት ታረጃለች እንዴ?"

መምህር ተቆጥተው ቀና አሉ። ከዚያ ዐይናቸው ሳያስቡት ፉሚኖ ላይ አረፈ፤ ወዲያው መልሰው አቀረቀሩ። የሳዮ ቀብር ከዚያ እረፍት በፊት በነበረው መኸር ነበር። ሁሉም ገባቸው።

ፉሚኖ ሻያቸውን አስቀመጡ።

"እኔን ብለው ነዋ" አሉ ቀስ ብለው። ወደ ምራታቸው ዞሩ። "አንቺስ? ወጪው ነው ወይስ እኔ ነኝ?"

ቺዙሩ መዋሸት አቃታት። "እርስዎ ነዎት እማማ። በትኩሳት ሞተች ያልኩትም ለዚሁ ነው።"

"አይ ልጄ!" ፉሚኖ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ እኮ በዚያው የብርድ ወራት ብቻዬን አንብቤዋለሁ። ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ። እመቤቲቱ ውሃው ዳር ቆማ ልጇን ትጣራለች፤ ሰው ምን ይለኛል አትልም። እኔ ግን ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ የልጄን ስም ዋጥኩት። እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዝም፣ እኔ ለእናንተ ብዬ ዝም። በትኩሳት ነው ያልሽው? የማን ልጅ ነው በትኩሳት የሞተው?"

ቺዙሩ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ሂሳኖ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፣ አፍንጫቸውንም በኃይል ተናፈጡ።

"ልመልሰው እማማ? ፕሮዲዩሰሩ ግን ባሕር ላይ መቅረጽ ራስ ምታት ነው ይላል።"

"መልሺዋ! ራሱን የሚያመው ፕሮዲዩሰር ራሱን ይመመው!"

አንዷ ፈገግ አለች፣ ሌላዋ ሳቀች፣ ከዚያ ሰባቱም እንባቸውን እየጠረጉ ተንከተከቱ። ቺዙሩ እፎይ አለች፤ ወር ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ወረደላት።

"ስትመልሺው ማኅተሙን አሳርፍበታለሁ" አሉ መምህር መነጽራቸውን እየጠረጉ። መጽሐፋቸውን ወደ ኋላ ብዙ ገለጡ። "ሠላሳ ዘጠነኛው ይቆየን። ተራው የሂሳኖ ነው።"

"እኔ ላንብበው" አሉ ፉሚኖ።

አነበቡ። ማዕበሉን አነበቡ፣ የተበተነውን መረብ አነበቡ፤ እናቲቱ የምትጣራበት ላይ ሲደርሱ ከመጽሐፉ ቀና አሉ።

"ሳዮ!" አሉ ጮክ ብለው። "ሳዮ!"

ከዚያ ንባባቸውን ቀጠሉ። ቺዙሩ እዚያ ቤት ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አማቷ ያንን ስም ሲጠሩ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።