ሚዛን ላይ የተቀመጠው እንቅርት

ነገሩ ሁሉ የአንድ ግራም ከአርባ ሁለት ሳንቲግራም ነገር ነው፤ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። የጓሳ በር መንደሩ ጨው ነጋዴ ደርበው አያሌው ካሉት የሚዛን ድንጋዮች ትንሹ ሃምሳ ግራም ስለነበር፣ ይህን ክብደት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያየው ኖረ።

ታኅሣሥ አሥራ አራት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የሚስቱ የጥሩዬ እንቅርት ከአንገቷ ወረደ። ግቢውን ሲያቋርጥ አንዲት ዶሮ መንገድ ለቀቀችለት። ከዚያ ጨው መጋዘኑ ውስጥ ገባና በትልቁ ሚዛን ግራ ሳህን ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ደርበው በዚያ ሰዓት በቀኙ ሳህን ጨው ሊመዝን አካፋ አንሥቶ ነበር። አካፋውን አስቀመጠና ድንጋይ ደረደረ። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ሆነ።

«ጥሩዬ!» ብሎ ተጣራ። «ዕቃሽ እዚህ ነው።»

«እኔ ምን ዕቃ አለኝ?»

«እንቅርትሽ።»

ጥሩዬ አንገቷን ዳሰሰች። ከዚያ ከማጀት ሆና «እሰይ! እዚያው ይቀመጥልኝ» አለች።

ደርበው የማይቆጥረው ነገር አልነበረም። ንግዱን በአሥራ አራት ዓመቱ በሁለት አህያ ሲጀምር የእያንዳንዷን እርምጃ ያውቅ ነበር። ከቤቱ ደጃፍ እስከ መጋዘኑ ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ጥሩዬን ሲያገባ እሱ አርባ ሁለት፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ አንገቷም ብርሌ። እንቅርቱ ብቅ ያለው በአምስተኛው ዓመት ነው። እሷ በነጠላ ትሸፍነው ጀመር። የተሸፈነ ነገር ደግሞ አይቆጠርምና ደርበው ሳይቆጥረው ቀረ።

የሚኮራው በነጋዴነቱ ሳይሆን በጨዉ ደረቅነት ነበር። ከፋብሪካ የሚመጣው ጨው እርጥበት አለው፤ ጠጋ ብለው ሲያሸቱትም መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ደርበው ውሃን በጨው ስም መሸጥ ነውር ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ የመጣለትን ሁሉ በገንዳ ያጥባል፣ ሸራ ላይ አስጥቶ ሦስት ቀን ፀሐይ ያስመታዋል። ከኩንታሉ አራት ኪሎ ይጎድላል፤ ጉድለቱን ራሱ ይችላል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ከእሱ በቀር ከማንም ጨው የማይገዛው ለዚህ ነው። ጨዉ እንደ በፍታ ነጭ ነው፤ አይሸትም።

በሦስተኛው ቀን የጥሩዬ ታላቅ እህት እማዋይሽ መጣች። አንገቷን ከፊት አየችው፣ ከኋላ አየችው፤ እልል አለች።

«እኔስ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይጨመርብሽ ስፈራ ነበር፤ እንኳን ወረደልሽ! በይ አሁን ሳይመለስ አጥር ይታጠርለት።»

አጥሩ ንቅሳት ነው። በጓሳ በር እንቅርት የሚፈራ ሁሉ አንገቱን ይነቀሳል፤ የጥሩዬ እናት ግን በጊዜ ስለሞተች እሷ ሳትነቀስ ነው ያደገችው። እማዋይሽ ወዲያው ነቃሿን አስጠራች። ነቃሿ መርፌዋንና ጥላሸቷን ዘርግታ፣ ጥሩዬን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ጠየቀች።

«ስንት መስመር ይሁን?»

«ሦስት» አለ ደርበው። «አንዱን ቢዘል ሁለተኛው ያግደዋል። ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው።»

«ኧረ አያ ደርበው፣ ሰው አንድ መስመር ይበቃዋል!» ብላ ሳቀች እማዋይሽ። «የአንተ ሚስት ግን ቆጣሪ አገባችና ሦስት ይደርሳት።»

ሦስት መስመር ዙሪያውን ተነቀሰ። ጥሩዬ አላለቀሰችም። መስታወት አምጡልኝ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። መስታወቱን ስትመልስ እጇ ቀስ አለ፤ ደርበው ደስታ ነው ብሎ አለፈው።

ደስታ እንዳልሆነ የገባው በሰባተኛው ቀን ነው። ከማጀት እስከ ደጃፍ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ጥሩዬ በአሥር ቆጠራ ትደርስ ነበር። በዚያ ቀን ደርበው እስከ ስልሳ ቆጠረ። በአሥረኛው ቀን ቁርስ ላይ ተነሥታ ምሳ ላይ ደረሰች። በረዳት፤ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ጋቢ ደረበላት፤ ጋቢዎቹም እሷን ማሞቅ ትተው ራሳቸው ቀዘቀዙ። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ቅዳሜ ዕለት «ደር» አለች፤ «በው» ያለችው ሰኞ ነው። ማታ ማታ ደርበው እጇን ይዞ የልቧን ምት ይቆጥር ጀመር።

በሃያ አንደኛው ቀን የጤና ጣቢያዋን ነርስ አስመጣ። ሲስተር ባንቺአምላክ ወጣት ናት፤ ሰዓቷን ከክንዷ ፈትታ የጥሩዬን እጅ ያዘችና ረጅም ጊዜ ቆየች።

«እንቅርቱ የት አለ?»

«ሚዛን ላይ።»

«ማን አወረደው?»

«ራሱ ወረደ።»

ሲስተር ባንቺአምላክ በካርዱ ላይ «ራሱ ወረደ» ብላ ጻፈች። መጋዘን ሄዳ አየችው፤ ተመልሳ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እንቅርት ማለት ያበጠ ዕጢ ነው። ዕጢው የሰውነት እሳት ነው። ልብ በደቂቃ ስንቴ እንደሚመታ፣ ገላ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ የተበላው በስንት ሰዓት እንደሚፈጭ የሚያዝዘው እሱ ነው። አዮዲን ካጣ፣ የምትገኘውን ጥቂት ለመያዝ ሲል ይተልቃል። ያበጠው ርቦት ነው። አሁን ደግሞ ጠቅልሎ ሲወጣ ቤቱን ያለ እሳት ጥሎት ሄደ።»

«ርቦት? የጨው ነጋዴ ቤት ተቀምጦ?»

«ጨዉን አምጡልኝ እስቲ።»

አመጣላት። አሸተተችው፤ በጣቷ ፈተገችው።

«ምን አደረጉት?»

«አጠብኩት። አሰጣሁት።»

«የሚሸተው እኮ ነበር መድኃኒቱ» አለች። «እሱን በገንዳ ደፉት፤ የተረፈውን ፀሐይ ወሰደው።»

ደርበው የሚያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ስንት ነው የጎደለባት?»

ነርሷ በካርዱ ጀርባ ላይ አሰላች። ሰው በቀን መቶ ሃምሳ ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ዘጠና ቀን ነው። ውጤቱን ከሥር አሰመረችበት፦ አንድ ግራም ከአርባ ሁለት። ደርበው ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አሰላው። ልክ ነበር።

«ይህን ያህል ብቻ?»

«ይህን ያህል ብቻ። የሻይ ማንኪያ አይሞላም።»

«ስንት ቀን አላት?»

«ልቧ ዛሬ በደቂቃ አሥራ አንድ ጊዜ መታ። ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር?»

«ሃያ ሦስት።»

«እንግዲህ ቁጥር ያውቃሉ» አለችና ተነሣች። ዕጢ ለሌለው ሰው የሚሰጥ ኪኒን ሰጠችው፤ በየማለዳው በባዶ ሆድ አንድ አንድ። «ግን ኪኒኑ የሚሠራው ከሆዷ ሲደርስ ነው፤ በዚህ ዝግታ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ዕጢው ወደ አንገቷ ይመለስ። ከዚያ በኋላ ያልታጠበ ጨው ትብላ፤ ጨዉንም ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት እንጂ አብራችሁ አታንተክትኩት።»

የመጀመሪያው ኪኒን ረቡዕ ጠዋት አፏ ገባ። ሐሙስ ማታ ደርበው በኩራዝ አየ፤ ገና ምላሷ መሐል ላይ ነበር።

እንቅርቱ ግን ከሚዛኑ አልወርድም አለ። ደርበው በእጁ ሊያነሣው ሞከረ፤ ከሳህኑ ጋር አብሮ ተነሣ። ለመነው። ደርበው ሚዛን ላይ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ስለዚህ ድንጋዮቹን አውርዶ በቀኙ ሳህን የራሱን ጨው ያደርግ ጀመር። አንድ ኪሎ አደረገ፤ ሳህኑ አልተነቃነቀም። አምስት ኪሎ አደረገ። አንድ ኩንታል በገመድ አንጠለጠለ፤ የመጋዘኑ ወጋግራ ሲያቃስት ሳህኑ ከነበረበት አልወረደም። አራት ቀን እንዲህ ሠራ፤ ስድስት ኩንታል ደረሰ። ድንጋይ ሲያደርግበት ይመዘናል፤ የደርበው ጨው ግን እንደ አየር ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደ።

«ጨው ስጪኝ» አለ። ጨው ስጡኝ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

ሲስተር ባንቺአምላክ ለማስተማሪያ ያስቀመጠቻቸው ባለ አንድ ኪሎ አምስት ፓኬቶች ነበሯት። ላያቸው ላይ የተጻፈውን አነበበችለት፤ በኪሎው አርባ ሚሊግራም። ደርበው ደጃፏ ላይ ቆሞ በጣቱ አሰላ።

«ሠላሳ አምስት ኪሎ ተኩል።»

«አባባ፣ ያለፈውን በአንድ ቀን መክፈል አይቻልም። የሰው አካል በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ነው የሚቀበለው።»

«የምከፍለው ለእሷ አይደለም፤ ለእሱ ነው።»

የጎደለውን ፍለጋ ከተማ ወርዶ በማግስቱ ተመለሰ። ፓኬቶቹ እርጥበት ነበራቸው፤ እጁ ወደ ገንዳው ሄደ፤ በግድ መለሰው። አንድ በአንድ ቀኙ ሳህን ላይ ደረደራቸው። በአሥረኛው ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ። በሠላሳኛው ጥቂት ወረደ። ሠላሳ ስድስተኛውን ቀዶ ግማሹን አፈሰሰ። መርፌው መሐል ላይ ቆመ።

እንቅርቱ ከሳህኑ ወረደ። ስልሳ ሁለቱን እርምጃ ደርበው ከኋላው እየተከተለ ሄዱ። ጥሩዬ ደጃፉ ላይ በርጩማ ተቀምጣለች፤ እዚያ ለመቀመጥ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶባታል። እንቅርቱ በጉልበቷ ወጣ፣ በደረቷ ወጣ፣ አንገቷ ሥር ደረሰ። እዚያ የመጀመሪያውን መስመር አገኘ።

መስመሩን ተከትሎ ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ግራ ዞረ። በኋላዋ ዞሮ መጣ፤ አጥሩ በር አልነበረውም። ደርበው እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ ንቅሳቱን ፈተገ። በአመድ ፈተገ፣ በሎሚ ፈተገ። ቆዳዋ ቀላ እንጂ ጥላሸቱ አልለቀቀም። እማዋይሽን ጠራት።

«የሚያጠፋ የለም ወይ?»

«አያ ደርበው፣ ንቅሳት እኮ ከሰው ጋር ነው የሚቀበረው» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እንቅርቱ እስከ ሠርክ ጠበቀ። ከዚያ ወረደና በደርበው እግር ላይ ወጣ። የደርበው አንገት አልተነቀሰም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደርበው ሁለት ዕጢ አለው፤ የራሱና የእሷ። አዲሱ ደግሞ ጠግቧል። ልቡ በደቂቃ መቶ አርባ ሁለት ይመታል። በውርጭ ሸሚዙን አውልቆ ይቀመጣል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሚዛን መያዝ ትቷል። ዓይኖቹ ወደ ውጭ ወጥተው ሳይከደኑ ያድራሉ፤ ጢሙን ማለዳ ቢላጭ ማታ ደረቱ ላይ ይደርሳል። ሲስተር ባንቺአምላክ ለእሱም ኪኒን ሰጠችው፤ አንገቱ ላይ ያለው ወደ ባለቤቱ መሄጃ እስካላገኘ ድረስ ግን እንደማይጠቅመው ነገረችው። እሱም በየማለዳው ይውጠዋል፤ ሆዱ ግን ሳይሠራበት አቃጥሎ ይጨርሰዋል።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ትናንት አሥራ ሰባት እንቅርቶች ነበሩ። ዛሬ ሃያ ሦስት ናቸው። ከትንሹ እስከ ትልቁ ተሰልፈው፣ ሳይጋፉ፣ ሚዛኑ እስኪለቀቅ ይጠብቃሉ። የመጡባቸውን ቤቶች ደርበው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

የጥሩዬ ቀኝ እጅ ከጉልበቷ ተነሥቷል። መነሣቱን ደርበው ያወቀው ጥር አሥራ አራት ቀን ከጣቷ ሥር ብርሃን ሲያይ ነው። ፊት ለፊቷ ወንበር አስቀምጦ በጣት ለካው፤ በዘጠኝ ቀን አንድ ጣት ይጓዛል። የሚመጣው ወደ እሱ አንገት ነው። ይዳስስ፣ ይነጥቅ፣ ይነቅ አይታወቅም። የእሷን እጅና የእሱን አንገት የሚለያየው አርባ አንድ ጣት ስለሆነ፣ እጁ የሚደርሰው በሦስት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ቀን፣ በመጪው ዓመት ጥር አሥራ ስምንት ነው።

ደርበው ሒሳቡን ዘጋ። ትርፍ፦ አንድ እንቅርት የሌለው አንገት፣ በላዩ ሦስት የማይለቅ መስመር፣ ከሠላሳ ስድስተኛው ፓኬት የቀረ ግማሽ ኪሎ እርጥብ ጨው። ኪሳራ፦ በየቀኑ የእሱ ገላ ሦስት ቀን ያረጃል፤ ሦስት መቶ ስልሳ ዘጠኙ በእሱ በኩል አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባት ነው፤ የቀረው ዕድሜው ደግሞ በልቡ ምት ሲቆጠር ስምንት መቶ ቀን አይሞላም። ሁለት ጊዜ ደምሮ ሁለት ጊዜ ቀንሶ አየው። እጇ ሳይደርስ፣ ከአሥራ አንድ ጣት በላይ ሲቀረው እሱ ያልቃል።

ወንበሩን አላስጠጋም። እጅ በራሱ መንገድ ይምጣ ብሎ ተቀምጧል። ጣቶቿ መዘርጋት ጀምረዋል። እንቅርቱም ከአንገቱ ላይ ሆኖ፣ በቀን አንድ ፀጉር ያህል፣ ወደ እጇ እየዘመመ ነው።