እስከ ሰባት ቤት የሚለው አንቀጽ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ውሸት ከተገኘበት ጺሜን በአንድ ወገን ብቻ ተላጭቼ እዚህ እስራኤል የፔታህ ቲክቫን ከተማ ገበያ ልዙር።

እህቴ ይሻሽ ቢሮ ማጽዳቱን ትታ አንድ ትልቅ የሰርግ ድንኳን ገዛችና ማከራየት ጀመረች። ውሉን የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሼ የለ! «ድንኳኑን ለባዕድ አሳልፎ የሰጠ እጁ ይሰበር» አልኩ። እርግማን እያለበት ማን ይደፍራል?

ማንያዘዋል የሚባል የሰፈራችን ሰው ለልጁ ሰርግ ተከራየ። ሰርጉ አለቀ፣ ድንኳኑ አልመጣም። ለወንድሙ ሰጥቶት፣ ወንድሙ ለአማቱ፣ አማቱ ለአክስቱ ልጅ። በሁለት ወር ሠላሳ ሰርግ ዞሮ፣ የወጥ ሽታ ጠግቦ ተመለሰ። ይሻሽ ድንኳን አጥታ ቀጠሮ የሰጠቻቸውን ሁሉ አሳፈረች።

ሽማግሌ ፊት ቀረብን።

«ወረቀቱ ባዕድ ነው የሚለው» አለ ማንያዘዋል። «የናቴን ልጅ ባዕድ በል ልትሉኝ ነው?»

«እውነቱን ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

እኛ ዝምድና የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው። ሰባት ቤት ከተቆጠረ ደግሞ በከተማው ባዕድ የሚባል አይተርፍም።

«አንድ ቀጠሮ ደግሜ ካፈረስኩ የሚከራየኝ የለም» አለች ይሻሽ ስንመለስ። «ወደ መጥረጊያዬ ነው።»

ሕግ የምትማረው ልጇ ሊኖይ ወረቀቴን አንብባ በሳቅ ሞተች። «አጎቴ፣ ለባዕድማ ማን ይሰጣል? ሰው የሚያደርገውን እንጻፍ እንጂ!»

እንዲህ ጻፈች፦ «ድንኳኑን የሚጠቀምበት ተከራዩ ብቻ ነው፤ ያውም በተጻፈው ቀንና ቦታ። እስከ ሰባት ቤት ላለ ዘመድም አይተላለፍም። ያስተላለፈ ሰው ራሱ ነቅሎ፣ ራሱ አጓጉዞ፣ ቀጣዩ ሰርግ ቦታ ላይ ራሱ ይተክላል።»

ማንያዘዋል ሁለተኛ ልጁን ሊድር መጣ። እኔ እምቢ በሉት ስል ሊኖይ፣ «ይምጣ፣ ወረቀቱን በሱ እንፈትነው» አለች። አንቀጽ በአንቀጽ አነበበችለት።

«በሰደር፣ በሰደር፣ እሺ» እያለ ፈረመ።

የልጁ ሰርግ ሰኞ፣ ክፋር ጋኒም ሰፈር ነበር። ሐሙስ ደግሞ ቀጣይዋ ተከራይ ደጊቱ ልጇን ጋኔይ ቲክቫ ትድራለች። ረቡዕ ልናነሳው ብንሄድ ድንኳኑ የለም፤ ጎረቤት ከተማ ሮሽ ሃዓይን፣ ወንድሙ ግቢ ተተክሏል። ይሻሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ሮጠን እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዘን መጣን።

«ፊርማው ያንተ ነው?» አሉት።

«የኔ ነው፤ ግን ወንድሜ...»

«ወንድምህ ከሰባት ቤት ውጪ ነው?»

«ኧረ የናቴ ልጅ!»

«እንግዲያው ወረቀቱ ውስጥ አለ። ያላ፣ በል ካስማውን ንቀል!»

ሐሙስ ጠዋት ማንያዘዋል ከነወንድሙ፣ ከነአማቱ፣ አርባ ሰው ሆነው ድንኳኑን በትከሻቸው ተሸክመው ከሮሽ ሃዓይን ጋኔይ ቲክቫ በእግር ገቡ። አንድ ፖሊስ መኪናዎቹን አስቁሞ አሳለፋቸው።

ይሻሽ መሐል ቆማ፣ «ማንያዘዋል፣ በግራ በኩል ተንጋዷል! ሳበው እንጂ፣ ሰኞ ሲጨፍሩበት እንዲህ ነበር?» ትላለች። ላቡ እየተንጠባጠበ ይስባል። ሙሽራዋ ስትደርስ ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የደጊቱ ዘመዶች እልልታውን አቀለጡት። እዚያው ቦታ ሰባት ቤተሰብ ቀጠሮ ያዘ። የመጀመሪያው ማንያዘዋል ነበር፤ ሦስተኛ ልጅ አለው። ይኸኛውን ወረቀት መነጽሩን አድርጎ ሦስት ጊዜ አነበበው።

ያ ፖሊስ ግን አልነበረም። እሱን እኔ ጨመርኩት።