ዴስክ ላይ የሚዋኙ ልጆች

የምንኖርበት ቤት የትምህርት ቤቱ ነው። አስተማሪው ልጄ እዚህ ግቢ እስካስተማረ ድረስ የእኛ ነው፤ ያቆመ ዕለት ዕቃችንን ተሸክመን ውልቅ ነው። የማብሰያዋ ክፍል መስኮት ከስምንተኛ ክፍል መስኮት ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ነው የተሠራው። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ልጄ ሲያስተምር አየዋለሁ፤ እሱም ጠመኔ ሲያነሣ እኔን ያየኛል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጄን ሳስጠና ነው። ነገር ግን በዚያች መስኮት ስንት ዓመት ሙሉ ስምንተኛ ክፍልን ተምሬአለሁ፤ ወደ ዘጠነኛ የሚያሳልፈኝ ጠፋ እንጂ።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ርእሰ መምህሩ ደጃችን ድረስ መጣ። ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅለት፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው።

"መምህር፣ አዲስ መመሪያ ወርዷል" አለው ልጄን። "ከዘንድሮ ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ ስምንተኛ ክፍልን ዋና ማስተማር አለበት። ዋና ያልተማረ ወደ ዘጠነኛ አያልፍም። የስፖርት መምህሩ ደግሞ አንተ ነህ።"

ልጄ ሳቀ። "ጋሼ፣ ውኃው የታለ? ልጆቹ የሚጠጡት አጥተው ከንፈራቸው ደርቆ ነው የሚውሉት። ቧንቧው ደስ ሲለው ነው የሚመጣው።"

"አትሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ስልክ ደውዬ ብጠይቃቸው፣ 'ባላችሁ ነገር አስተምሩ' አሉኝ።"

"ያለን ዴስክ ነው" አለ ልጄ፤ ለቀልድ ነው።

ርእሰ መምህሩ ግን አልሳቀም። ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ አሰበ። ልጄ ቀልድ የሚጥልበትን ሰው መምረጥ ከልጅነቱ ጀምሮ አያውቅበትም።

"ዴስክ" አለ ርእሰ መምህሩ። "ዴስክ ጥሩ ነው።"

እኔ ከውስጥ ሆኜ፣ "ዴስክ ውስጥ የሚዋኘው ምስጥ ብቻ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ደህና አደሩ እማማ" አለኝና ሄደ። ያልሰማ መስሎ መሄድ ሥራው ነው።

ልጄ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። አላፍርበትም፤ እምቢ ብሏል። ኋላ ግን ወላጆች እየመጡ ደጃችን ላይ ቆሙ። "መምህር፣ ልጄ ስንት ለፍታ እዚህ ደርሳ በዋና ልትወድቅ ነው?" ይሉታል። የራሱም ልጅ እዚያው ክፍል ናት። እናቷ ነርስ ናት፤ ሌላ ከተማ ተመድባ በወር አንዴ ብቅ የምትል። ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ቀጭን ስለሆነች ጭራሮ እላታለሁ። ጭራሮ ከክፍሉ አንደኛ ሆና በዚያ ጉድ ልትቀር ነው። እሺ አለ። በዚያች በአንዲት እሺ ነው ቤተሰባችን ሁሉ ገብቶ የተቆለፈበት።

እንግዲህ በመስኮቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዴስኮቹን እየጎተቱ ሁለት ሁለቱን ያጋጥማሉ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ልጄ በሰማያዊ ጠመኔ ማዕበል ሥሏል። ልጆቹ በሆዳቸው ዴስኩ ላይ ይተኛሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ይሰበስባሉ፣ እግራቸውን እንደ እንቁራሪት ያወራጫሉ። የመጀመሪያ ቀን ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር። እኔም ሽንኩርቱን ትቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን መሳቅ ቀረ። ልጅ ነው፤ አስተማሪው ከምሩ ከሆነ እሱም ከምሩ ይሆናል።

ከሁሉም ከምሯ የነበረችው ጭራሮ ናት። ቤት መጥታ አግዳሚ ወንበሬ ላይ በሆዷ ትተኛለች።

"እምዬ ተመልከቺኝ፣ ይኼ የደረት ዋና ይባላል።"

"ደረትሽን መጀመሪያ አብቅዪና!"

"ሙች እምዬ፣ እዪኝ! ትንፋሽ የሚወሰደው እዚህ ጋ ነው።"

"ውኃ ውስጥ የገባሽ ቀንስ?"

"ያው ነው። እንዲያውም ውኃ ስለሚያነሣሽ ይቀላል። አባዬ ነው ያለው።"

ቀና ብዬ አባትየውን አየሁት። እሱ ግድግዳውን ያያል። ግድግዳው ላይ ምንም የለም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ግቢ የገባ፣ ጫማዋ አቧራ የማይነካው ሴት። ተስፋ አደረግኩ፤ አሁን ገና አንድ ሰው መጥቶ 'ምን እየሠራችሁ ነው እናንተ ሰዎች?' ሊል ነው ብዬ። እሷ ግን በዴስኮቹ መሀል እየተዘዋወረች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ይኼን ነው ፈጠራ የምንለው!" አለች። "ሌሎቹ ውኃ የለንም እያሉ ያለቅሳሉ፣ እናንተ ግን..." ጭራሮ ጋ ስትደርስ ቆመች። "ይህቺ ልጅ ዓሣ ናት! እይዋት እስቲ እጇን!"

ርእሰ መምህሩ በደስታ ላብ በላብ ሆነ። ተቆጣጣሪዋ ዞር ብላ ለልጄ የነገረችውን እስከ መስኮቴ ሰማሁት። በትልቁ ከተማ የሕዝብ መዋኛ ተሠርቶ አልቋል። ምርቃቱ ትምህርት በተዘጋ ማግስት ነው። ከፋቾቹ እነዚህ ልጆች ይሆናሉ፤ ዓሣዋ ከፊት ሆና።

ልጄ በመስኮቱ አየኝ። ያኔ ያየኝን አስተያየት የማውቀው አምስት ዓመቱ ሳለ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መውጣት ካቃተው ቀን ጀምሮ ነው።

እራት ላይ፣ ጭራሮ ጎረቤት ልትፎክር በወጣችበት ሰዓት፣ አፌን ከፈትኩ።

"ሂድና ንገራት። 'ልጆቹ መዋኘት አይችሉም' በላት። ስንት ቃል ነው?"

"ነግሬአታለሁ እማዬ።"

"እና?"

"'ትሑት ነህ' አለችኝ።"

ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። 

"በደንብ ንገራት እንጂ! አንጠልጥለህ ተናግረህ ይሆናል፤ አውቅሃለሁ።"

"በደንብ ብነግራት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?" ድምፁ አልጨመረም፤ ባዶ ሆነ እንጂ። "ዋና አልተማሩም ይባላል። ክፍሉ በሙሉ ይደግማል። እኔ ሐሰት ሪፖርት አድርገሃል ተብዬ እባረራለሁ። ከዚህ ቤት እንወጣለን። ጭራሮ ደግሞ..." እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ከጎረቤት የእሷ ሳቅ ይሰማል። "እችላለሁ ብላ አምናለች እማዬ። እኔ ነኝ ያሳመንኳት።"

"እሷንስ እዚህ አስቀራት። ታማለች በል።"

"ዓሣዋን ነው እኮ የሚጠብቁት። ስልክ ደውለው ስሟን ይዘዋል። ብቻ አንዱ ጫፍ ጥልቀት የለውም ብለውኛል፤ ወገባቸው ድረስ ነው። እዚያ አቆማቸውና እጃቸውን ያወዛውዛሉ። በቃ።"

"ካለውስ?"

እሱ ሳህኑን አነሣና አጠበ፤ ንጹሕ ሳህን ነበር።

በምርቃቱ ቀን አውቶቡስ ላይ ከልጆቹ ቀድሜ ወጣሁ። ርእሰ መምህሩ፣ "እማማ፣ ወንበር እኮ ለተማሪ ነው" ሊል ሲጀምር፣ "እኔን ጭንህ ላይ ልታስቀምጥ ከሆነ ቦታውን እለቃለሁ" አልኩት። መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

መዋኛው ያምራል፤ አልዋሽም። ዙሪያው ነጭ ሸክላ፣ ውኃው ልጄ በጠመኔ የሚሥለውን ሰማያዊ ይመስላል። ልጄ ወደ አንዱ ጫፍ ሄደ፣ ጫፉ ቆልማማ የሆነ ረጅም ዘንግ ይዞ ከቆመው የመዋኛው ጠባቂ ጋር አወራ። ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ዓመድ መስሏል። ጥልቀት የሌለው ጫፍ የለም። ዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ቢደራረብ ይውጣል።

ተቆጣጣሪዋ ጋ ሮጦ ሄደ። በጆሮዋ ሲነግራት አየሁት። እሷ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፣ "አይዞህ፣ እኔም ንግግር ሳደርግ እፈራለሁ" አለችው፤ ማይክሮፎን ይዛ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ሰዉ ሳቀለት። ፊሽካውን እጁ ላይ አደረገችለት።

ልጆቹ በካናቴራና በቁምጣ ዳር ላይ ተደረደሩ። ጭራሮ ከፊት። እጆቿን ወደ ፊት አድርጋ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ልክ እንደተማረችው። ልጄን አየሁት። ፊሽካው ከንፈሩ ላይ ነው፤ አይነፋውም፣ አያወርደውም። እንዲህ ያለ ቆሞ የተቀበረ ሰው አላየሁም።

እኔ ከውኃ ጋር የሚያስተዋውቀኝ ባልዲ ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ አሮጊት ውኃ ውስጥ ከወደቀች የትኛውም ምርቃት ይቆማል። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ዳሩ ላይ የብረት መሰላል አለ። እሱን ይዤ ሁለት ደረጃ ወርጄ 'ወይኔ ሞትኩ!' ብዬ መጮህ። ይሯሯጣሉ፣ ይተረማመሳሉ፣ ቀኑ ይበላሻል። አሳፋሪዋ እኔ እሆናለሁ፤ ልሁን፣ ከዚህ ወዲያ ማን ሊያገባኝ ነው?

ወረድኩ። ቀሚሴ ውኃውን ሲጠጣ እንዲያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ገና ልጮህ አፌን ስከፍት እግሬ ከዳኝ፣ እጄ ብረቱን ለቀቀ፣ ጩኸቴን ከነውኃው ዋጥኩት።

የሰማሁት የመጨረሻ ነገር "እምዬ!" የሚል ነው።

ዘላ ገባች። ለእኔ ብላ። እችላለሁ ብላ።

ውኃ ውስጥ ዓይኔን ስከፍት አየኋት። እጆቿ ልክ ዴስኩ ላይ እንደሚሠሩት ውብ አድርገው ይዘረጋሉ፣ ይሰበሰባሉ፤ እግሯ እንደ እንቁራሪት ይወራጫል። አንዲት ስሕተት የለባትም። ወደ ታች ነው የምትሄደው። ዓይኗ እኔ ላይ ተተክሏል፣ ፍርሃት እንኳ ገና አልገባበትም፤ ግራ መጋባት ብቻ ነው፤ ሁሉን በትክክል እየሠራሁ ለምን እምቢ አለኝ የሚል። እጇን ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው የፈራችው፤ እኔም እየሰመጥኩ መሆኔን ስታውቅ።

ጠባቂው በዘንጉ አንገትጌዬን አጠመደ። እኔ እሷን አልለቀቅኳትም። እንደ ተያያዘ ጨርቅ አንድ ላይ ተጎትተን ወጣን።

ሸክላው ላይ ተደፍቼ ውኃ ሳስመልስ፣ ተቆጣጣሪዋ ማይክሮፎኑን አነሣች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከልቧ ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

"ዓይናችሁ እያየ ነው!" አለች። "ይህቺ ተማሪ የተማረችውን ተጠቅማ አያቷን ከሞት አወጣች! ትምህርቱ ይሠራል አይሠራም ለሚሉን መልሱ ይኸው!"

"ኧረ ውሸት ነው!" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ውኃ ወጣ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጠባቂው ዘንጉን ይዞ ቆሟል፤ ወደ እሱ የዞረ ሰው የለም። ጭራሮ ፎጣ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ አንገቷ ላይ ሜዳሊያ አጠለቁላት። የሌሎቹ ልጆች ተራ በድንጋጤው ተረሳ፤ አንዳቸውም አልገቡም። ሐሳቤ ሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ አድርጎ ከመሥራት ግን ይሰውራችሁ።

አውቶቡስ ላይ ጎኔ ተቀመጠች። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ቀስ ብላ፣

"እምዬ፣ እኔ መዋኘት አልችልም አይደል?"

ዋሽቼ ባሳድጋት ኖሮ ያን ጊዜ በዋሸኋት። "አትችዪም" አልኳት።

"አባዬ ያውቅ ነበር?"

ልጄ ከፊታችን ወንበር ላይ ነው። አልዞረም። ማጅራቱ ብቻ ቀላ። ጭራሮ ማጅራቱን እያየች መልሷን አገኘች፤ ከእኔ አልጠበቀችም። ሜዳሊያውን አውልቃ ኪሷ ከተተችው።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ዘጠነኛ አለፈ። ልጄም አልተባረረም፤ እንዲያውም ተመሰገነ። መመሪያው ላይ አዲስ ነገር ተጨመረበት፤ ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ በዴስክ ያስተምር፣ ዘዴውንም ከእኛ ግቢ መጥቶ ይይ ተባለ። ርእሰ መምህሩ ሊነግረን ሲመጣ ደጃፉ ላይ ተርበተበተ። "ዓሣዋ... ማለቴ ልጅቷ፣ እሷ እንድታሳያቸው ይፈልጋሉ" አለ።

"አላሳይም" አለች ጭራሮ።

ልጄ ቤቱን አየ፤ ጣሪያውን፣ በሩን፣ እኔን። እሷም ዓይኑን ተከትላ አየች። እኔም ልናገር አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት፤ እኔ፣ ምላሴን ለማንም አጥፌ የማላውቀው ሴት። ከዚህ ቤት የት እንሄዳለን?

"እሺ" አለች። የአባቷ እሺ ነበረች፤ በድምፅ ሳይቀር።

መምህራኑ ከየትምህርት ቤቱ መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሰማያዊው ማዕበል እንደገና ተሥሏል። እኔ መስኮቴ ላይ ነኝ። ጭራሮ ዴስኩ ላይ በሆዷ ተኛች። ልጄ ፊሽካውን ነፋ። እጇ ተዘረጋ፣ ተሰበሰበ፤ እግሯ ተወራጨ። ውብ ነው፤ መምህራኑ ይጽፋሉ፣ ይገረማሉ።

ማንም ልብ ያላለውን እኔ አየሁ። ጉንጯ ተነፍቷል። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ስትደርስ አልወሰደችም። ሁለተኛ ዙርም አልወሰደችም። ፊቷ ቀላ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ እጇ ግን አልተዛነፈም።

መስኮቱን በማማሰያዬ ደበደብኩ። ልጄ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ እሷን አየ። ፊሽካውን ለማቆሚያ ሲነፋው ድምፁ ተሰነጠቀ።

ጭራሮ ዴስኩ ላይ አፏን ከፍታ አየር ጎረሰች፤ መምህራኑም አጨበጨቡ።