የሀርዊክ ተቀባዮች

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት የተተረተው ለኳስ ደጋፊ ሳይሆን አይቀርም። በቴክሳስ ፋርመርስ ብራንች ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ መሃል፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ ባለችው ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት አበሾች እንግሊዝ አገርን ረግጠው አያውቁም። የሚደግፉት ክለብ ያለበትን ሀርዊክ የሚባለውን ከተማ በካርታ ላይ አሳዩ ቢባሉ ግማሾቹ ስኮትላንድ ውስጥ ይፈልጉታል። ይሁንና አነጋገራቸው ሁሉ "ገዛን"፣ "ሸጥን"፣ "ዋንጫ ተነጠቅን" ነው። የሀርዊክ አጥቂ ጉልበቱን ሲታመም ሳምንቱን ሙሉ የሚያዝኑት እነሱ ናቸው።

እዚያ ከሰዓት ሲሆን ቴክሳስ ገና ማለዳ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ዓይኑ እንደቀላ፣ ከሆስፒታል ተረኝነት የወጣችው የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጥተው፣ ፉልና እንቁላል ፍርፍር እየበሉ ያያሉ። የደጋፊ ማኅበራቸው ሊቀመንበር ጋሽ ኃይለ መስቀል ናቸው። ደሴ ያደጉ፣ በሱዳን በኩል የመጡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የማኅበሩን ኢሜይል የሚጽፉትም የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው። አውራጁ ደግሞ አዩብ ነው።

አውራጅ የምለው እንደ መንዙማው ነው፤ አንዱ ስንኝ ያወርዳል፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። የአዩብ አባት በሀይቅ ከተማ አካባቢ ስመ ጥር አውራጅ ነበሩ። ልጃቸው ያንን ዜማ ለኳስ ማዋሉን ቢሰሙ ኖሮ ጆሮውን ቆንጥጠው ይይዙት ነበር። አንድ ነገር ግን አስተምረውታል። ስንኝ ያወረደ ሰው ብቻውን ነው፤ የተቀበለው ሰው ግን ስንኙን አብሮት ተሸክሟል፣ ኋላ "አላልኩም" ማለት አይችልም። አዩብ ይህን እንደ ሕግ ያምንበት ነበር። ለሀርዊክ ያወረደው ስንኝም ከፋርመርስ ብራንች ወጥቶ፣ በስልክ ተቀርጾ፣ አገር ለአገር ዞሯል፦

"ባሕሩ ቢርቅም፣ መንገዱ ቢበዛ፣
ልቤ እዚያው አደረ ከሜዳችሁ ታዛ።"

ታዲያ አንድ ክረምት ክለቡን የአንድ ዓረብ አገር መንግሥት ገዛው። የትኛው እንደሆነ አልጠራም፤ አንባቢ የራሱ ዘመድ የሄደችበትን ይያዝ። መንግሥት ኳስ ምን ሊያደርግለት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው በዚያች ምግብ ቤት አልነበረም። ሁሉም የጠየቀው "ማንን ያስፈርምልናል?" ብሎ ነው። አዩብም እንደዚያው ነበር። ያን ቀን እዚያው አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራው ለታናሽ እህቱ ለሙኒያ ደውሎ አበሰራት። ሙኒያም ስቃ ስቃ "እንግዲህ አንተም እኔም የአንድ ጌታ ሎሌዎች ሆንን" አለችው።

ዓመት ሳይሞላ ሙኒያ ሞተች። ከፎቅ ወደቀች አሉ። ያሉት አሠሪዎቿ ናቸው፤ ሌላ ያየ የለም። እዚያው ተቀበረች፣ የት እንደሆነ ግን የሚናገር ጠፋ። አዩብ ያልደወለበት ቢሮ የለም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራዋል፣ ያኛውም መልሶ ወደ መጀመሪያው። እናቱ እመት ዙሌይካ ከሀይቅ ሲደውሉለት ከሞቷ ይልቅ መቃብሯን ነው የሚያነሱት። "ሞት የአላህ ነው፤ መቃብር መደበቅ ግን የሰው ሥራ ነው" ይሉታል። ይህች ንግግር ከአዩብ ሆድ አልወጣችም።

የማኅበሩ ሰዎች ለቅሶ ተቀመጡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ምግብ አመጡ፣ አስተናገዱ፣ ጋሽ ኃይለ መስቀል እንደ አባት ሆነው ሰው ተቀበሉ። ከዚያ ቅዳሜ መጣ፣ ሀርዊክም ተጫወተ።

ክርክሩ የተነሳው ያኔ ነው። ሰርካዲስ፣ ያቺ ከሆስፒታል የምትመጣው፣ ነገሩን ፊት ለፊት አነሳችው። "ሶ፣ እኛ እዚህ ስናጨበጭብ ለማን ነው የምናጨበጭበው?" አለች። አንዱ ነዳጅ ስትሞሊስ ለማን ነው የምትከፍዪው አላት። ሌላው የትኛው ክለብ ነው ንጹሕ ብሎ ጠየቀ። እኛ የምንወደው ማሊያውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም ያለም ነበር። ሁሉም ልክ ነበር፤ ችግሩ እሱ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለተኛ አናይም ብለው ማሉና ቡድኑ ለፍጻሜ ሲደርስ ከማንም ቀድመው ወንበር ያዙ።

አዩብም ሞክሮ ነበር። ሌላ ቡድን ልደግፍ ብሎ አንድ ቅዳሜ ሳክሲ ከሚገኘው ቤቱ ሳይወጣ ዋለ፤ የሰው ሚስት ሲያይ እንደዋለ ሰው እያፈረ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰ። ተመለሰ እንጂ አላወረደም። አፉን ዘግቶ ጥግ ይቀመጣል፣ ዓይኑ ግን ኳሷን ይከተላል። ጎል ሲገባ ሙኒያን ከማስታወሱ በፊት እግሩ ያነሳዋል። ቆሞ ራሱን ሲያገኘው ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ራሱን ይጠላው ነበር፣ በእውነት ይጠላው ነበር።

ባለፈው በጋ ሀርዊክ ለወዳጅነት ጨዋታ እዚሁ ቅርብ ወዳለችው ፍሪስኮ እንደሚመጣ ተሰማ። ከጨዋታው በፊት የክለቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ስላሉ ደጋፊዎች ፊልም ይሠሩ ነበርና ያንን የአበሾች ዘፈን እንፈልጋለን ብለው ለማኅበሩ ጻፉ። አዩብ አይሆንም አለ። ጋሽ ኃይለ መስቀል አልተቆጡም፤ አንድ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው ሳክሲ መጡ። ውሃ ሲቀርብላቸው አልነኩም፣ ምሳ ሲቀርብላቸውም አልነኩም። "እሺ ሳትለን እህል ውሃ አንቀምስም" አሉት። እንግዲህ በቴክሳስ ሙቀት፣ ስኳር ያለባቸው አዛውንት ውሃ ሳይጠጡ ቁጭ ብለው ሲያዩህ ምን ትላለህ? የማኅበሩን ስም፣ የልጆቹን ደስታ፣ አንድነታችንን እያሉ ቆዩ። አዩብም ሰማቸውና እሺ አለ።

እሺ ያለው ግን ሌላ ነገር አስቦ ነው። እስከዛሬ የደወለበት ሁሉ በር ዘግቶበታል፤ አሁን ባለቤቶቹ ራሳቸው ካሜራ ይዘው ሊመጡ ነው። ድምፁን ይፈልጋሉ። እንግዲያ በድምፁ ይጠይቃቸዋል። ሚስጥር የለው፣ ስድብ የለው፣ እህቴ የት ነች ማለት ብቻ ነው። የዚያን ቀን ማታ ሙኒያ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ወሰደው።

በቀረጻው ቀን ምግብ ቤቷ በሰው ተጨናነቀች። ድምፅ እንዳይረብሽ ኤሲው ጠፍቶ ሁሉም በላብ ረጥቧል። ፊልሙን የምትሠራው ፈረንጅ ሴት ጨዋ ነበረች፤ ዝም ብላችሁ እንደ ሁልጊዜው ሁኑ አለቻቸው። አዩብ የድሮውን ስንኝ አወረደ፣ ተቀበሉት። ደገመ፣ ተቀበሉት፤ ጭብጨባው ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ዜማውን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦

"ቡድኔን ውሰዱት፣ ምንም አትክፈሉኝ፣
የሙኒያ መቃብር እዚህ ጋ ነው በሉኝ።"

ጭብጨባው ተቋረጠ። ሁሉም የምግብ ቤቱን ወለል ያያል። አዩብ ብቻውን ቆሞ፣ ስንኙ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አባቱ የነገሩት ብቸኝነት ምን እንደሆነ አወቀ። ያን ጊዜ ከፊት መስመር አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ተቀበለው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ነበሩ። ዕንባቸው እየወረደ ስንኙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሉት። ሰርካዲስ ተከተለች፣ ከዚያ ሁሉም። ቤቱ በሙሉ የሙኒያ መቃብር እዚህ ጋ ነው በሉኝ እያለ አጨበጨበ። ያቺ ፈረንጅ አንድም ቃል ሳይገባት አለቀሰች። ሲጨርሱ ትርጉሙን ላኩልኝ አለች፣ ጋሽ ኃይለ መስቀልም ኢሜይል አደርግልሻለሁ አሏት።

አዩብ ከሰርካዲስ ጋር ተቀምጦ ስንኙን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰና ለጋሽ ኃይለ መስቀል በስልክ ላከላቸው። በራሱ መላክ ይችል ነበር። ግን ለምን? ሰውዬው ተቀብለውታል፣ በዕንባ ተቀብለውታል።

ፊልሙ የወጣው አዩብ ኤርፖርት አጠገብ፣ ሹፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ፓርክ አድርጎ ሳለ ነው። ከፈተው። የራሱ ድምፅ መጣ፣ የሙኒያም ስም መጣ። ምስሉ ግን ምግብ ቤቷን ትቶ ወደዚያ አገር በረረ። በባሕሩ ዳር የተደረደሩ የመስታወት ፎቆች፣ ፀሐይ ያረፈባቸው፣ እስከ ሰማይ። ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈው "ቡድናችን ሆይ፣ ከሩቅ እንወድሃለን፤ ልባችን ከእናንተ ጋር ነው" ይላል። አዩብ ደግሞ አየው። የሙኒያ ስም ሲጠራ የሚታየው ከፎቆቹ ሁሉ ረጅሙ ነበር።

ትርጉሙን የለወጡት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው ብሎ ነበር የጠረጠረው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ቤት ሲደርስ ግን በሩን ሲከፍቱለት ፊታቸውን አይቶ ገባው።

"እኔ ነኝ" አሉት፣ ሳይጠይቃቸው። "የአንተን ትርጉም አልላክሁትም፤ የሄደው የራሴ ነው።"

"ተቀብለውኝ ነበር እኮ፣ ጋሽዬ።"

"ከአንጀቴ ነው የተቀበልኩህ። ኮምፒዩተሩ ጋ ስቀመጥ ግን ፅዮን መጣችብኝ።" ፅዮን የእህታቸው ልጅ ናት፤ አዩብ መኖሯን ያውቃል፣ የት እንዳለች ግን አያውቅም ነበር። "እዚያው አገር ነች፤ ሰው ቤት። ፓስፖርቷ እነሱ እጅ ነው። ኢሜይሉ ላይ ስሜ አለ፣ ስልኬ አለ። ማለቴ፣ ማን ያውቃል? ምንም ላይሆን ይችላል። ግን ቢሆንስ? የሞተ ተጎዳ፣ ልጄ። ያለችውን ላጥፋ?"

አዩብ ሊሰድባቸው መጥቶ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ስድቡን ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። አሁን ሊናገር አፉን ከፈተና ሙኒያ በሕይወት ብትኖር ኖሮ እሱ ምን ያደርግ እንደነበር አሰበ። ያደርግ የነበረውን ያውቀዋል። ስድቡ ከአፉ ቀረ። "ታዲያ ለእኔ ማን ይጠይቅልኝ?" ብቻ አላቸው።

ሰርካዲስ ግን ነደደች። ደውላ፣ ትርጉሙን ከፊልሙ ሥር እጽፈዋለሁ፣ ጋዜጠኛም አውቃለሁ፣ ዓለም ይስማው አለችው። አይቷት የማያውቃት ፅዮን፣ በማያውቀው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ታየችው። መልኳ የሙኒያ መልክ ነበር። ለሰርካዲስ ተዪው አላት። ለምን ስትለው እንዲሁ ተዪው አላት። የእህቱን ጥያቄ መጀመሪያ ጋሽ ኃይለ መስቀል ቀበሩት፤ አሁን አፈሩን የመለሰበት እሱ ራሱ ነው። ይህንንም አወቀው።

አማርኛ የሚሰማው ሰው ሁሉ ስንኙን ሰምቷል። ከፊልሙ ሥር አንዳንዱ አላህ ይዘንላት፣ አንዳንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ በታች ምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚል፣ ከዚያም በታች ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው የሚል። ፍሪስኮ ላይ ሀርዊክ አሸነፈ። ከጨዋታው በፊት ዜማው በትልቁ ስክሪን ተለቀቀና ሕዝቡ ቃሉን ሳያውቅ አጨበጨበለት። አዩብ አልሄደም፤ ከጓደኞቹ ስልክ ላይ ነው ያየው።

በማግስቱ እናቱ ደወሉ። የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳይቷቸው ኖሯል። እመት ዙሌይካ አያነቡም፤ ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ ቀርቶ አማርኛም ቢሆን። ለእሳቸው ያለው ልጃቸው ያለው ቃል ብቻ ነው። ድምፃቸው አዩብ ከለቅሶው ወዲህ ሰምቶት የማያውቀው ዓይነት፣ የብርቱ ሴት ድምፅ ነበር።

"ሰማሁህ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማህ። የአባትህ ድምፅ ነው የወጣህ" አሉት። "ያ ሁሉ ሰው አብሮህ ጠየቀላት። የእነሱን አገር እያሳዩ ነው ያቀረቡህ፣ እኔም አየሁት። ሰምተውሃል ማለት ነው አይደል?"

"ሰምተዋል፣ እማ።"

"ምን አሉህ?"

አዩብ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ሞተሩን አጠፋ። "ገና አልመለሱም" አላቸው።

"ይሁን፣ ትልቅ መንግሥት ነው፣ ይዘገያል" አሉ እናቱ። "አብሽር። ከእንግዲህ ገበያም አልወጣም፤ ልጁም ስልኩን እኔ ጋ ይተውልኛል። መልሱ እንደመጣ በየትኛውም ሰዓት ቢሆን ደውልልኝ፣ አልተኛም።"

"እሺ፣ እማ" አላቸው አዩብ። "እደውላለሁ።"