የተወልደ ወረፋ

ተወልደ ያቺን ትንሽ ሰማያዊ ቦርሳ ከእጁ መልቀቅ አልነበረበትም። ሚስቱ ኣበባ ከቤት ሲወጡ ሁለት ጊዜ፣ ባቡር ውስጥ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ «ኮፈሩ የራሱ ጉዳይ፣ ይቺን ግን ከእጅህ እንዳትለያት» ብላዋለች። ኢንሱሊኗ፣ መርፌዋና የስኳር መለኪያዋ ያሉት እዚያች ቦርሳ ውስጥ ነው። ማይን ወንዝ ዳር፣ መርከቡ መግቢያ ላይ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ ፈገግ ብሎ ሁለት እጁን ሲዘረጋለት ግን ተወልደ ትልቁን ሻንጣ፣ ኮፈሩን፣ በአንዱ እጁ፣ ቦርሳዋን በሌላው አስረከበው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ የሰው ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። እጅን ዘርግቶ «ተወው፣ ይሄንን እኔ እይዘዋለሁ» መባል ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ሰውዬውን የጠረጠረው እንዳይመስል ብሎ ሰጠ።

ጉዞው ከልጃቸው ከሰገን የተሰጠ ስጦታ ነው። ባልና ሚስቱ የተጋቡበት አርባኛ ዓመት ስለሆነ አራት ቀን በወንዝ፣ ከፍራንክፈርት እስከ ኬልን። ከወንዙ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ኒድ በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር፣ ይህን ያህል ዘመን ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ለተወልደ ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍት፣ ማለት ሶፋው ላይ ጋደም ማለት ነው። ቢሆንም ልጅ ከሰጠ እምቢ አይባልም፤ እሱ ደግሞ እምቢ የሚባለውን ቃል የት እንዳስቀመጠው እንኳ ረስቶታል።

በሰባት ሰዓት ገቡ። መርከቡ የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ኮፈሩ ክፍላቸው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ቦርሳዋ ግን የለችም።

«የታለች?» አለች ኣበባ።

«አሁን ያመጧታል» አለ ተወልደ።

ኣበባ ቃሉን አምና ምሳ በላች፤ ሾርባና ዳቦ፣ ከዚያም አንድ ቁራጭ ኬክ። መወጋት የነበረባት ከምሳ በፊት ነው። ምሳው ካለቀ በኋላም ቦርሳዋ ስላልመጣች ተወልደ ወደ እንግዳ ማስተናገጃው ወረደ።

ማስተናገጃው መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ያለ ጠረጴዛ ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ደረቷ ላይ በተለጠፈው ካርድ ስሟና አገሯ ተጽፏል፤ ዮርዲ፣ ኢትዮጵያ። ተወልደ ስሙን ሲያነብ በመጀመሪያ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ግን ጨነቀው። ጀርመን ብትሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። «ቦርሳዬ ጠፋ» ብሎ ይገላገል ነበር። ለአገር ልጅ፣ ለዚያውም የሰው ሥራ ላይ ለቆመች፣ ገና ሰላም ሳይሏት ችግር ይዞ መምጣት እንዴት ይሆናል?

እሷም አየችውና ፊቷ በራ። «አባባ፣ የእኛ ሰው ነዎት እንዴ? እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።»

«ጤናዎ ደህና ነው? እማማስ? ልጆችስ?»

«ሁሉም ደህና ነው። ይመስገን።»

እንግዲህ ሚስትየዋ ደህና ናት ተብሎ ፈጣሪ ከተመሰገነ በኋላ «ግን መድኃኒቷ ጠፍቷል» ማለት ምስጋናውን መልሶ መውሰድ ነው። ተወልደ ቃሉን ሲያገላብጥ፣ ከኋላው አንዲት ሴትዮ የበር ካርዷን ከፍ አድርጋ እያወዛወዘች ጉሮሮዋን ጠረገች። ተወልደ ወዲያው ገለል አለ። «እሷ ትቅደም። እኔ አልቸኩልም።»

የሴትዮዋ ካርድ በሩን አይከፍትም ነበር፤ ከስልኳ ጋር አንድ ኪስ ከታ ነው ያበላሸችው። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ የኢንተርኔቱን የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲሰጠው መነጽሩን ክፍሉ ትቶ ኖሮ እንዲነበብለት ጠየቀ። ሌላዋ የእራት ጠረጴዛ ይቀየርልኝ አለች፤ አብሯት የተመደበው ሰው ሲበላ አይታዋለችና። ሌላው መስኮቱን ቢከፍት የሚያየው ወንዝ ሳይሆን አጠገባቸው የቆመውን ሌላ መርከብ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ አንድ ወፍራም ሰውዬ ካልሲውን እያወለቀ ነው። ለሁሉም ዮርዲ «ምን ልርዳዎት?» ብላ ትጀምራለች። ድርጅቱ አፏ ላይ ያስቀመጠላት አረፍተ ነገር ነው፤ መቶ ጊዜ ብትለውም አይሰለችም። ለተወልደ ግን አላለችውም። የአገሯን ሽማግሌ «ምን ፈለጉ?» ብሎ መቀበል ነውር መስሏት ጤናውን ጠየቀችው፤ እሱም ለጤና የሚመለሰውን መለሰላት። ሁለቱም ወግ አወቁ፤ ቦርሳዋ የት እንዳለች ግን ማንም አልጠየቀም።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ኣበባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁለተኛውን የውሃ ጠርሙስ እየጨረሰች ነው።

«ጠየቅክ?»

«ጠየቅኩ። እየፈለጉ ነው።»

ተወልደ ውሸታም አይደለም። አሁን ወርዶ ስለሚጠይቅ ነገሩ ትንሽ የቀደመ እውነት እንጂ ውሸት አልመሰለውም።

ሁለተኛ ሲወርድ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እንደ ዕድል ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ዮርዲ አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ቁርጭምጭሚቷን ታሻለች። ስታየው ልትደብቅ አልሞከረችም።

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነው፣ አባባ። የምትተካኝ ልጅ ክራንክ፣ አሞኛል ብላ ቀረች። ከጠዋት ጀምሮ ትራስ፣ ፎጣ፣ መርፌና ክር፣ ዣንጥላ… አንዱማ ወንዙ ወደየት ነው የሚፈሰው ብሎ ጠየቀኝ፤ እዚያው መስኮቱ ስር ቆሞ። እርስዎን ሳይ ነው ትንሽ የማርፈው። በእውነት። ምንም የማይጠይቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ተወልደ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከደነው። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ይህች ልጅ ማረፊያዬ ያለችው ሰው እንደ ሌላው እጁን ዘርግቶ ቢቆምባት ምን ይሰማታል? «አይዞሽ፣ ሥራ ነው» አላት። «በርቺ።» ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝምታው ባይነቅዝም ሰውየው ግን ከውስጡ መንቀዝ ጀምሯል። ደረጃው ጋ ደርሶ ተመለሰ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ግን ሦስት ሰው ተሰልፏል።

ደረጃው ስር ቆሞ ሲያስብ ስልኩ ጮኸ። ሰገን ናት። «ፓፓ፣ አሌስ ጉት? ሁሉም ደህና?»

«ጉት፣ ጉት።»

«ማማስ?»

«አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። መርከቡ በጣም ያምራል።»

ልጅቷ ቢሮዋ ነው ያለችው። ቢነግራት ሥራዋን ጥላ ኒድ ሄዳ ፍሪጁ ውስጥ ካለው ትርፍ ኢንሱሊን ታመጣ ነበር። ግን በስጦታዋ ቀን፣ በሥራ ሰዓቷ፣ ደግሞም አባቷ በገዛ እጁ አስረክቦ በጠፋ ቦርሳ እንዴት ያስቸግራት? ራሱም በታክሲ ሄዶ ሊመለስ ይችላል፤ ሃያ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃያ ደቂቃ መመለሻ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጊዜ አለው። ከመሄዱ በፊት ቦርሳዋ መርከቡ ላይ መኖሯን አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ይሻላል ብሎ እንደገና ተሰለፈ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ተወልደም ሲለው ኖሯል፤ ለሌላ ሰው።

ሦስተኛው ወረፋ ረጅም ነበር። ተወልደ ከፊቱ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እያየ የየትኛው ጉዳይ ከኣበባ ጉዳይ እንደሚበልጥ ይመዝናል፤ የማንም እንደማይበልጥ ያውቃል። ነገር ግን ተራው በደረሰ ቁጥር ከኋላው አንዱ ከባድ ትንፋሽ ያወጣል፣ ወይም ሰዓቱን ያያል፣ ወይም የቆመችው በምርኩዝ የምትሄድ አሮጊት ትሆናለች። ተወልደም «ቢተ»፣ ይለፉ እንደማለት፣ ብሎ ያሳልፋል። አሮጊቷን ማሳለፉስ ደግ ነው። ትራሱ በጣም ለሰለሰብኝ የሚለውን ቀይ ፊት ሰውዬ ግን ለምን አሳለፈው? ሰውዬው ትራሱን ይዞት ነው የመጣው። እየደቆሰ አሳያት፤ ዮርዲም እንድትደቁስ አደረጋት። ሁለት ዓይነት ትራስ ቀርቦለት ሲያማርጥ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሩብ አለ። ከዚያ ወዲያ ታክሲውም አይታሰብም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መርከቡ ተነቃነቀ። ሰው ሁሉ መጠጥ ይዞ ፎቅ ላይ ወጥቶ ለብረቱ ድልድይና ለረጃጅሞቹ ሕንጻዎች እጁን ያውለበልባል። ተወልደ ክፍሉ ውስጥ ኣበባን ያያል። አራተኛው ጠርሙስ አልቋል። ከንፈሯ ደርቋል። ሁለት ጊዜ እየተነሳች ሽንት ቤት ሄዳለች፤ ሁለተኛውን ግድግዳ ይዛ።

«ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ» አለች። «አገኙት?»

«ሊያገኙት ነው።»

ፊቱን አየችው። አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ ሊያገኙት ነው ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባት አይቀርም። ግን ለመጣላትም አቅም ይጠይቃል።

መርከቡ ግሪስሃይም ላይ ባለው የውሃ በር ገብቶ፣ ውሃው ሲጎድል ቀስ እያለ አብሮ ወርዶ፣ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ በግራ በቀኝ ዛፍ ብቻ ሆነ። ኣበባ ራሷን ከትራሱ ሳታነሳ በመስኮቱ ስታይ ቆየችና፣ ትንሿ የኒዳ ወንዝ ከማይን የምትቀላቀልበትን ቦታ ለየችው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር እዚያ ነው።

«ቤታችን ደረስን» አለች። «ፍሪጁ ውስጥ ሦስት ኢንሱሊን አለ። ከዚህ አሥር ደቂቃ በእግር።»

መርከቡ አልቆመም። ተወልደ ፈራ። ከዚህ በፊት ያፈረ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን ፍርሃት ነው። በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ደረጃውን እንደ ልጅ እየዘለለ ወረደ።

አምስት ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ እንኳ ጥሷቸው አላለፈም፤ ከኋላ ተሰለፈ። ቢሆንም በልቡ ማለ። ተራዬ ሲደርስ እናገራለሁ። ከኋላዬ ንጉሥ ቢቆም አላሳልፍም። አንደኛው የነገውን የቁርስ ሰዓት ጠየቀ። ሁለተኛዋ የመስሚያ መሣሪያዋን ጥላ ፈልጋ ስታጣ ጆሮዋ ውስጥ ተገኘ። ባልና ሚስቱ ለመርከቡ ሠራተኞች መኝታ አላቸው ወይ ብለው ተጨነቁ። ዮርዲ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀርቷል። አምስተኛውም ሄደ። ተራው ደረሰ።

«አባባ» አለች ዮርዲ፣ ትከሻዋ ወረድ ብሎ። «እንዴት አመሹ?»

«ይመስ…» አለና ቃሉን አፉ ውስጥ ያዘው። በዚህ መሐል ከኋላው የሰው ትንፋሽ ሰማ። አጭርና የሚቆራረጥ፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። ልቡ አይሆንም አለው፤ እግሩ ግን የለመደውን አደረገ። ወደ ጎን ገለል አለ። ዞሮ እንኳ ሳያይ እጁን ዘረጋ። «ቢተ» አለ።

«አመሰግናለሁ» አለች ኣበባ።

በነጠላ ጫማ፣ የሹራቧ ቁልፍ ተዛንፎ፣ በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት እንደያዘች ነበር። ባሏን አልፋ ጠረጴዛውን ያዘች። «ልጄ፣ ሰማያዊ ቦርሳ ጠፍቶብኛል። የስኳር መድኃኒቴ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልተወጋሁም።»

ዮርዲ አጎንብሳ ብድግ አለች። ቦርሳዋ በእጇ ናት።

«እግሬ ስር ነበረች እኮ» አለች። «ስም የለባትም። ባለቤቱ መጥቶ ይጠይቃል ብዬ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ…» ወደ ተወልደ ዞረች። «አባባ፣ ስንት ጊዜ መጡ? ምነው አንድ ቃል?»

«ሰው በዝቶብሽ ነበር» አለ ተወልደ። «ደክሞሽ ነበር።»

«ምን ልርዳዎት እንኳ አላልኩዎትም» አለች ልጅቷ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። ወዲያው ስልኩን አንስታ ለካፒቴኑ በጀርመንኛ ሐኪም የሚገኝበትን ወደብ መጠየቅ ጀመረች። ከበስተኋላ አንድ ሰውዬ ብርጭቆ ይዞ መጥቶ በረዶ ፈለገ፤ በእጇ እንዲጠብቅ አሳየችው።

ኣበባ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ወጋች። መለኪያው ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት አለ፤ ከሚገባው ከሁለት እጥፍ በላይ። ቁጥሩን ለተወልደ አላሳየችውም፤ እሱ ግን አየው። ሹራቧን ገለጥ አድርጋ ሆዷ ላይ ተወጋች፣ መርፌውን ክዳኑ ውስጥ መለሰች፣ ዚፑን ዘጋች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ተወልደ ፊቷ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጥቷል።

«ኣበባ፣ ወረፋው እኮ…»

«አውቃለሁ» አለች። የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ ድካም ብቻ። «ከኋላህ ማን እንዳለ ሳታይ ነው ያሳለፍከኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስታስቀድም፣ ተወልደ፣ ከኋላህ ቆሜ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው መስዬህ ነው ተራ የሰጠኸኝ።»